ጥያቄና መልስ፦ ብቅሉን በምን እንፍጨው? ምን ያህልስ እናድቅቀው?

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጌሾ መጠን፣ ስለ እንኩሮ አበሳሰል፣ በግራዋ ስለሚታጠበውና በወይራ ስለሚታጠነው እንስራ የሚጠይቁ ናቸው። ስለ ወፍጮ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ዘወትር ያሳስበኛል፤ ጠመቃው ከተበላሸ በኋላ በጌሾው ወይም በውሃው የምናመካኘው ጥፋት ብዙ ጊዜ እህሉ ገና ወፍጮ ላይ ሳለ የተፈጸመ ነውና። በዚህ ወር ከአዳማ ብቻ አራት አንባቢያን ስለ ብቅል አፈጫጨት ስለጻፉልን ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ጠላ ሲጠመቅ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከአሰላ በኩል በሚመጣ የቢራ ገብስ ብቅል በየወሩ 20 ሊትር ያህል ቢራ በቤቴ መጥመቅ ጀምሬአለሁ። ብቅሉን ሰፈሬ ካለው ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ በሙቅ ውሃ ስዘፈዝፈው በማጥለያው ላይ እንደ አጥሚት ይረጋና ጠብ አይልም። ባለፈው ወር ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀመርኩት ማጥለል እስከ እኩለ ሌሊት አላለቀልኝም። አሁን የራሴን ወፍጮ ለመግዛት ሁለት ዓይነት አይቻለሁ፤ አንደኛው ባለ ሁለት ሮለር ነው፣ ሁለተኛው ባለ ሁለት ሳህን የእጅ ወፍጮ ሲሆን ዋጋው ከመጀመሪያው በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ቶርኖ ቤትም ባለ ሮለሩን እዚሁ ሊሠራልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። የትኛው ይሻለኛል? ክፍተቱንስ በስንት ላስተካክለው?

መልስ፦ «እንደ አጥሚት ይረጋል» በሚለው ቃል ችግርዎን ራስዎ አስረድተውታል። የሰፈር ወፍጮ ቤት ድንጋይ ተጠጋግቶ የሚታሰረው ለጤፍና ለስንዴ ዱቄት ነው፤ ባለሙያውም የሚመሰገነው ዱቄቱ ልሞ ሲወጣለት ነው። ብቅልዎ በዚያ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ነጩ የውስጥ ክፍል ብቻ ሳይሆን ገለባውም አብሮ ዱቄት ይሆናል። ለጠላ ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ድፍድፉ ከጋኑ ግርጌ ይዘቅጣል፣ ጠላው ከላይ ይቀዳል፣ አተላውም ለከብት ይሆናል። እርስዎ በያዙት አጠማመቅ ግን ጣፋጩ ውሃ በራሱ በእህሉ መካከል ሰርጎ መውረድ አለበት። እዚያ ላይ እውነተኛው ወንፊት ከማጥለያው በታች ያለው ቀዳዳ ላሜራ ሳይሆን የገብሱ ገለባ ነው፤ ላሜራው ገለባውን ይሸከማል፣ ገለባው ደግሞ ዱቄቱን ይይዛል። ገለባው ከደቀቀ በላሜራው ላይ የሚቀርልዎ ውሃ የማያሳልፍ ሊጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወፍጮ ከመምረጥ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ገለባው ከተፈጨ በኋላ ሥራ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ለእርስዎ ሥራ አለው፤ በመሆኑም አቅምዎ ከፈቀደ ባለ ሁለት ሮለሩን እንዲገዙ እመክራለሁ። ሁለቱ ሮለሮች ፊት ለፊት ወደ ውስጥ እየዞሩ ፍሬውን ይዘው ይጨፈልቁታል እንጂ አይፈትጉትም። ፍሬው ከጎኑ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው ነጭ ስታርች ይፈረካከሳል፣ ገለባው ግን ሳይቆራረጥ እንደ ተከፈተ ፖስታ ሆኖ ይወርዳል። ባለ ሳህኑ ወፍጮ በአንጻሩ የድንጋይ ወፍጮ ታናሽ ወንድም ነው፤ አንዱ ሳህን ቆሞ ሌላው ሲዞር ፍሬው በመካከላቸው ይላጫል፣ ይቀደዳልም። ይህን ስል ባለ ሳህኑን ማጣጣሌ አይደለም። ብቅሉን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ዘፍዝፎ ከረጢቱን አንሥቶ ለሚያንጠፈጥፍ ሰው ገለባው ቢቆራረጥም ጨርቁ ስለሚይዝለት፣ ባለ ሳህኑ ወፍጮ ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም ደቀቅ ያለ ብቅል ከረጢት ላይ የበለጠ ጣፋጭ ይሰጣል። እርስዎም ማጥለያውን ትተው ወደ ከረጢት ለመዞር ፈቃደኛ ከሆኑ ርካሹን ገዝተው ገንዘብዎን ለሌላ ዕቃ ሊያውሉት ይችላሉ።

ባለ ሮለሩን ሲገዙ ቀለሙንና የማስገቢያ አፉን ስፋት ከማየትዎ በፊት ሮለሮቹን ይመልከቱ። በእጅ የሚዞሩት አብዛኞቹ ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ወፈር ያለው ሮለር ፍሬውን በቀላሉ ይነክሳል፣ ቀጭኑ ደግሞ ያንሸራትተዋል። ገጽታቸው ልሙጥ መሆን የለበትም፤ ጣትዎን ሲያሳልፉበት እንደ ሞረድ ቆርቆር ማድረግ አለበት። ሁለቱም ጫፎች ላይ ክፍተቱን ማስተካከያ መኖሩን፣ አንዱን ጫፍ ይዘው ሲነቀንቁት ሮለሩ አለመወዝወዙን፣ ዘንጉ በኩሽኔታ ላይ መቀመጡን ያረጋግጡ። ከሁሉ በላይ ግን ሱቁ ውስጥ ሳሉ እጀታውን ቀስ ብለው አንድ ሙሉ ዙር እያዞሩ በሁለቱ ሮለሮች መካከል ያለውን ብርሃን ከወዲያ ይመልከቱ። የብርሃኑ መስመር እየጠበበ እየሰፋ ከሄደ ሮለሩ በትክክል ክብ አይደለምና የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም። የቶርኖ ቤቱን ሐሳብ በተመለከተ የምለውም ይኸው ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል፣ ነገር ግን ዘንጉና ሮለሩ አንድ መሐል ይዘው ካልተቀረጹ፣ እህል በሚነካውም ክፍል ላይ ቀለም ወይም ዚንክ የተቀባ ብረት ከገባ አይቀበሉት። ሥራውን ከማዘዝዎ በፊት ይህን በግልጽ ይነጋገሩ።

ባለ ሳህኑን ከመረጡ ደግሞ ከጊዛ ብረት የተሠራ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አንድ ኪሎ ያህል ርካሽ ገብስ ፈጭተው ይጣሉት። ከፋብሪካ የቀረው ዘይትና የብረት ብናኝ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ለዶሮም ቢሆን አይስጡት። ይህ ወፍጮ ሌላም ጠባይ አለው፤ የሚዞረው ሳህን ስለሚንገዋለል አንድ ጊዜ ሰፋ፣ አንድ ጊዜ ጠበብ ያደርጋል፤ ከዚህም የተነሣ ሙሉ ፍሬና ዱቄት አብረው ይወርዳሉ። ዘንጉ ላይ ልኩ የሆነ ሮንዴላ ጨምሮ ላላ ያለውን ቦታ መሙላት መንገዋለሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ክፍተቱ ልምጣ። የገብስ ብቅል ብዙ ጊዜ ከ2.2 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ስላለው ክፍተቱ የዚያ ግማሽ ገደማ ሲሆን ፍሬው ይፈረካከሳል፣ ገለባው ግን ይተርፋል። በ1.2 ሚሊ ሜትር ይጀምሩና ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቀስ በቀስ ይውረዱ። መለኪያውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ የመኪና ባለሙያዎች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት፣ ውፍረቱ የተጻፈበት ቀጫጭን የብረት ምላስ፣ ፊለር ጌጅ የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ምላሱ በሁለቱም ጫፎች ላይ በእኩል መጠን ጠበቅ እያለ መሳብ አለበት። አንዳንድ ሰዎች በባንክ ካርድ ይለካሉ፤ የካርዱ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለጀማሪ እጅግ ጠባብ ነው፣ ደረቅ ገለባንም ይቆራርጣል። ልኩን ሲያገኙ ማስተካከያውና ማቀፊያው በሚገናኙበት ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ መስመር ያድርጉበት፤ ቪቴው በንዝረት ቢላላ ወዲያውኑ ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚነግርዎ የት እንደሚጀምሩ ብቻ ነው፤ የት እንደሚያቆሙ የሚነግርዎ እህሉ ነው። ሁለት እፍኝ ብቻ ይፍጩና ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። እኔ ዘወትር የማደርገው እንደዚህ ነው፦ ጥቂቱን በመዳፌ ይዤ በአውራ ጣቴ እዘረጋዋለሁ። ገለባው ግማሹ ሙሉ፣ ግማሹም ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ባዶ መሆን አለበት። አንዱን ገለባ አንሥቼ በጥፍሬ ስጭነው ጫፉ ላይ ጠንካራ ነጭ ቅሪት ከተገኘ ክፍተቱ ሰፍቷል። ነጩ ክፍል እንደ ቅንጬ ሦስት አራት ቦታ የተሰበረ፣ ከመካከሉም ጥቂት ዱቄት ያለበት ሲሆን ደስ ይለኛል። ሙሉ ፍሬ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ አልጨነቅም፤ ከዚያ ከበለጠ ማስተካከያውን በ0.1 ሚሊ ሜትር አጠብቀዋለሁ። በአንጻሩ መዳፌ በዱቄት ነጭ ከሆነና ገለባው እንደ ተከተፈ ጭድ ከሆነ መልሼ አሰፋዋለሁ። ይህ ምርመራ 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ 5 ኪሎ ብቅል ደግሞ ከተፈጨ በኋላ መልሶ ሙሉ አይሆንም።

ከአሰላ በኩል የሚመጣው ለቢራ የተዘራው ገብስ ፍሬው ሙሉና ተቀራራቢ በመሆኑ ሥራው ይቀልልዎታል። ከገበያ ተገዝቶ ቤት የበቀለ ገብስ ግን ወፍራምና ቀጭን ፍሬ የተቀላቀለበት ነው፤ ለወፍራሙ የሚስማማው ክፍተት ቀጭኑን ሳይነካ ያሳልፈዋል፣ ለቀጭኑ የሚስማማው ደግሞ ወፍራሙን ያደቅቀዋል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ጊዜ መፍጨት ይሻላል፤ መጀመሪያ በ1.5 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ በ1 ሚሊ ሜትር። በመጀመሪያው ዙር ገለባው ከፍሬው ላይ ላላ ስለሚል በሁለተኛው አይቀደድም። ቤት የበቀለ ብቅል ከሆነ ደግሞ ከመፈጨቱ በፊት ሥሩን በእጅ አሽቶ በሰፌድ ማበጠር ያስፈልጋል፤ ሥሩ ይመራል፣ ሮለሩ ላይም ይጠመጠማል።

ለአዳማ ነዋሪ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህን ነው። በከተማችን ሙቀትና ነፋስ ብቅል ከልክ በላይ ይደርቃል፤ የደረቀ ገለባ ደግሞ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮታኩቶ ይሰበራል እንጂ አይተጣጠፍም። ስለዚህ ከመፍጨትዎ በፊት ብቅሉን በሰፊ ሳህን ላይ ዘርግተው በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ልብስ ስንተኩስ በምንጠቀምበት መርጫ እየረጩ በእጅዎ ያገላብጡት። ውሃው እንዲረጭበት እንጂ እንዲርስ አይፈለግም፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲያሹት ገለባው እንደ ቀጭን ቆዳ ለስለስ ይላል፣ ውስጡ ግን እንደ ደረቀ ይቆያል። በዚህ መንገድ ክፍተቱን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች እንኳ ሲያወርዱት ገለባው አይቆራረጥም። የረጠበው ብቅል ወዲያውኑ ተፈጭቶ በዚያው ዕለት መጠመቅ አለበት፤ ለነገ አያስቀምጡት።

ክፍተቱ ሰፍቶብዎት እንደሆነ የሚያረጋግጥ ሌላ ቀላል ምርመራ አለ። ብቅሉን ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ውስጥ 1 ሰዓት ካቆዩት በኋላ ገለባ የሌለበት አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርገው ከፋርማሲ በተገዛ አዮዲን ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ወደ ስኳር ያልተለወጠ ስታርች አለ ማለት ነው። ሙቀቱ ትክክል ከነበረና ጊዜውም ከሞላ ጥፋቱ የአፈጫጨቱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለሚቀጥለው ጠመቃ ክፍተቱን ብቻ ይለውጡ፤ በአንድ ጊዜ ክፍተቱንም፣ የውሃውንም መጠን፣ ሙቀቱንም ከለወጡ የትኛው እንደረዳዎት አያውቁም።

ጥያቄ፦ ለልጄ ሠርግ ጠላ ልጠምቅ ተዘጋጅቻለሁ። ብቅሉን የማስፈጨው ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄቱ ከወፍጮው ሲወርድ እጅ የሚያቃጥል ስለሆነ ጎረቤቶቼ «የተቃጠለ ብቅል ጠላ አያፈላም» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ ባለሙያውን ምን ብዬ ላዘው፣ ልም ይሁን ወይስ ግርድፍ? የሠርግ እናት፣ ከአዳማ።

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። የጎረቤቶችዎ ስጋት መሠረት አለው፣ ነገር ግን ከመጠን በላይ ተጋኗል። ብቅል ጠላውን የሚያግዘው በበቀለ ጊዜ በውስጡ በተፈጠሩት ኢንዛይሞች ነው፤ እነርሱም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣሉ፣ እርሾውም ስኳሩን ያፈላዋል። ኢንዛይም በሙቀት የሚጠፋው በተለይ እርጥብ ሲሆን ነው። የደረቀ ብቅል ግን ሙቀትን በብዙ ይቋቋማል፤ የቢራ ብቅል በፋብሪካ ሲደርቅ በመጨረሻው ላይ እስከ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ አየር ውስጥ እንደሚያልፍ ቢያውቁ ጎረቤቶችዎም ይረጋጋሉ። አደጋው ከወፍጮው በኋላ ነው የሚመጣው፤ ትኩሱ ዱቄት በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከተቀመጠ ያልበዋል፣ ይረጥባል፣ በማግስቱም የሻጋታ ሽታ ይኖረዋል። ቤት እንደደረሱ በሰፌድ ወይም በንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተው እስኪበርድ ይጠብቁ።

ለልምነቱ የምመክረው መካከለኛውን ነው። የጠላ ብቅል እንደ ቢራው በሙቅ ውሃ አይዘፈዘፍም፤ ኢንዛይሙ በጥንስሱና በድፍድፉ ውስጥ ለቀናት በዝግታ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከቢራው ይልቅ ደቀቅ ማለት ይኖርበታል። እንደ ጤፍ ዱቄት ከላመ ግን በጋኑ ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ ጠላው ቶሎ አይጠራም፣ ሲቀዳም ይደፈርሳል። ባለሙያውን «ሸርከት አድርገህ ፍጭልኝ» ይበሉት፤ የመጀመሪያው እፍኝ ሲወርድም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሽተው ይሞክሩት። እንደ ደቃቅ ጨው ቆርቆር ካለዎት ትክክል ነው፤ እንደ ተልባ ዱቄት ከተንሸራተተ ድንጋዩን ትንሽ እንዲያላላው ይንገሩት። ለቂጣውና ለእንኩሮው የሚሆነው ዱቄት ግን መላም ስላለበት ከብቅሉ ጋር አደባልቀው አያስፈጩ። ጌሾውንም እዚያው አያስፈጩት፤ ቤት በሙቀጫ መውቀጥ ይበቃዋል።

ከልምነቱም በላይ የሚያሳስበኝ ከእርስዎ በፊት በድንጋዩ ላይ ምን እንደተፈጨ ነው። ከዓመታት በፊት ለቤተ ዘመድ በዓል የታሰበ 10 ኪሎ ብቅል ይዤ አንድ ወፍጮ ቤት ደረስኩ፤ ተራው የእኔ ስለነበረ ከእኔ በፊት የነበረችው ደንበኛ ምን እንዳስፈጨች ሳልጠይቅ አፈሰስኩት። የፈጨችው በርበሬ ነበር። ዱቄቱ ላይ ቀላ ያለ ነገር አይቼ የብቅሉ ቀለም ነው ብዬ አለፍኩት። ጠላው ደርሶ የመጀመሪያውን ጣሳ የቀመሱት አዛውንት ምንም ሳይናገሩ ጉሮሯቸውን ይዘው ጣሳውን አስቀመጡ። ሁለት ጋን ጠላ እንዳለ ተደፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ነገር ሳልይዝ ወፍጮ ቤት ሄጄ አላውቅም፦ አንደኛው ጥያቄው ነው፣ ሁለተኛው ድንጋዩን ማጠቢያ የሚሆን አንድ ኪሎ ርካሽ ገብስ። ገብሱ ቀድሞ ይፈጭና ለብቻው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቅሉ ይገባል። ድንጋዩ በቅርቡ የተወቀረ መሆኑንም ይጠይቁ፤ አዲስ የተወቀረ ድንጋይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደቃቅ አሸዋ ይጥላል፣ ያ ደግሞ ከጠላው ግርጌ ሆኖ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ከሆነ የሌላ ሰው እህል ጥቂት ቀን እንዲሠራበት ትተው ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ይሂዱ።

ብቅሉ በደንብ መድረቁን ለማወቅ አንድ ፍሬ በጥርስዎ ይንከሱ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለወፍጮ ደርሷል፤ እንደ ሙጫ ከተላወሰ ግን ድንጋዩ ላይ ይለጠፋልና አንድ ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ያስፈልገዋል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያረፈበትን ብቅል ግን ምንም ያህል ቢያሳዝንዎ ያስወግዱት፤ የሻጋታ መርዝ በመፍጨትም ሆነ በማፍላት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ሮለር ወፍጮ ገዝቼ እጀታውን አውጥቼ በትራፓኖ ማዞር ጀምሬአለሁ። በአንድ በኩል ብቅሉ ሙሉውን ያልፋል፤ አንዳንዴም ሮለሮቹ እየዞሩ እህሉ ከላይ እንደቆመ ይቀራል። ወፍጮው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የተበላሸ አይመስለኝም። በአንድ በኩል ሙሉ ፍሬ የሚያልፈው ሁለቱ ሮለሮች ትይዩ ባለመሆናቸው ነው። ትራፓኖውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው የግራና የቀኝ ማስተካከያውን ያላሉ፤ በሁለቱም ጫፎች በአንድ ዓይነት የፊለር ጌጅ ምላስ ለክተው በየተራ ያጥብቁ። አንዱን ጫፍ ሲያጠብቁ ሌላው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላልሰው መለካት አለብዎት።

እህሉ ከላይ የሚቆመው ደግሞ በሦስት ምክንያቶች ነው፤ በብዛት የሚያጋጥመው ፍጥነት ነው። የእጅ ወፍጮ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ሲዞር እህሉን ይነክሳል፤ ትራፓኖ ግን እስከ መጨረሻው ከተጫነ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይዞራል፣ ፍሬውም ሮለሩ ላይ ይዘላል፣ ገለባውም ይሰባበራል። ትራፓኖዎ ሁለት ማርሽ ካለው ዝቅተኛውን ይምረጡ፣ ሮለሩንም እህል ከመጨመርዎ በፊት ያስጀምሩት። ሁለተኛው ምክንያት የሮለሩ ጥርስ በዱቄት መደፈኑ ነው፤ ይህ በረጠበ ብቅል ላይ ይብሳል። በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት እንጂ በፍጹም በውሃ አይጠቡት፤ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ሦስተኛው ያልተነዳው ሮለር መያዙ ነው። በጣትዎ ሲገፉት በነፃነት መዞር አለበት፤ ካልዞረ በኩሽኔታው አካባቢ የተጠራቀመውን ዱቄት አውጥተው አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ያድርጉበት፣ የሞተር ዘይት ግን ወደ ወፍጮው አያስጠጉ። ወፍጮ ውስጥ ጠጠር ከገባ ጥርሱን ስለሚበላው እህሉን ሳይለቅሙ አይፍጩ፤ ጥሬ በቆሎም ለዚህ ዓይነት ወፍጮ እጅግ ጠንካራ ነው።

የሚፈጩበትን ቦታ ስላልነገሩኝ ይህንንም ልጨምር። የብቅል ዱቄት ብናኝ መጠጥን የሚያመጥጡ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይበናል፤ ጠመቃው በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ከፈጩ ብናኙ ዕቃዎችዎ ላይ ያርፋል። በረንዳ ወይም ግቢ ይውጡ፣ ነፋሱን በጀርባዎ አድርገው ይቁሙ፣ አስም ያለበት ሰው ካለም ያርቁ።

ጥያቄ፦ ወፍጮ እስክገዛ ድረስ በቡና መፍጫ ወይም በጁስ መፍጫ ብፈጭስ?

መልስ፦ ሁለቱም የሚቆርጡ ስለሆኑ ገለባውን ከፍሬው ለይተው አያውቁም። ለሙከራ ያህል ሩብ ኪሎ ብቅል በከረጢት ለሚዘፈዝፍ ሰው ግን አጥፋ አብራ እያደረጉ በጥቂት ጥቂቱ ቢፈጩ ያስኬዳል፤ የቡና መፍጫውን ሽታ ብቅሉ ስለሚወስድ አስቀድመው በደንብ ይጥረጉት። ከሁለቱም የሚሻለው ቤትዎ ያለው ሙቀጫ ነው። ብቅሉን ሳይረጥብ አንድ አንድ እፍኝ ብቻ ጨምረው ዘነዘናውን ሳይወረውሩ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ያድርጉት፤ ከረጠበና በኃይል ከተወቀጠ እንደ ፍትግ ገብስ ገለባው ተልጦ ይወጣል። ከ10 እስከ 15 ምት በኋላ ሰፋ ባለ ወንፊት ነፍተው ያለፈውን ያስቀምጡ፣ ሙሉውን ፍሬ ብቻ መልሰው ወደ ሙቀጫው ይጨምሩ። ለ1 ኪሎ ብቅል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅብዎታል።